ከሒሳብ መዝገብ ወደ ዳታ ምሕንድስና፦ ከየት ልጀምር ለሚሉ

የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ወደ ዳታ ምሕንድስና፣ ማለትም መረጃን ሰብስቦና አጥርቶ ለሥራ ወደሚያዘጋጀው ሙያ፣ የገፋኝ የምሠራበት የመድኃኒት አከፋፋይ የሽያጭ ፋይል ነው፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፣ የእኛ ደግሞ አለፈ። ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የግድ ነው ወይ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ካላችሁ እሰየው፤ ከሌላችሁ የዳታቤዝ (የተደራጀ የመረጃ ማከማቻ) እና የስታቲስቲክስ ኮርሶች አያምልጧችሁ።

መጀመሪያ ኤስኪውኤል ተማሩ። ዳታቤዝን መጠየቂያና ማዘዣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ቋንቋ ነው፤ አርጅቷል የሚሏችሁን አትስሙ። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይከተላል። ግዙፍ ዳታን በብዙ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ስፓርክን ለጊዜው ተዉት፤ ለጓሮ ጎመን ትራክተር አይከራዩም።

መለማመጃችሁ ግን የተጣራ ሠንጠረዥ አይሁን። የዘመድ ሱቅ የዱቤ ደብተር ለምኑና ወደ ዳታቤዝ አስገቡት። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ሁለት ደንበኛ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ደብተሩን መጀመሪያ በኤክሴል ከጻፋችሁት የስልክ ቁጥሮቹ መነሻ ዜሮ ይበላል፤ ስልክን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አታስቀምጡ። ሁለት አበበ ከበደ በአንድ ሰፈር ስለማይጠፉም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን መለያ ቁጥር ስጡ።

በቀን ጉዳይ እኔን ያየ ይቀጣ። ከዓመታት ልምድ በኋላ፣ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብዬ የቀን መቀየሪያ ጻፍኩ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የጳጉሜን 6 ሽያጭ በሙሉ ወደ አዲሱ ዓመት ዘለለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ቀደመ። ስሕተቱን ያገኘችው የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ናት፤ በእጇ ደምራ! እናንተ በዳታቤዙ ውስጥ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ብቻ አስቀምጡ፤ የቀን ዓምዱ 13ኛ ወር ቢሰጡትም አይቀበልም። ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይሩት ሪፖርቱ ሲወጣ ይሁን። ደብተሩ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውም ለኮምፒውተሩ 9 ነው።

ቀጥሎ መብራት አለ። ፕሮግራማችሁ 10,000 ረድፍ አንድ በአንድ እያስገባ 6,000 ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ እንበል። ሲመለስ ከመጀመሪያው ብታስነሡት 6,000ው ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ድርጅቱም ያላገኘውን ገንዘብ ያገኘ ይመስላል። ስለዚህ የሚገቡትን ረድፎች ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን እሰሯቸው፤ ወይ ሁሉም ይገባል ወይ ምንም አይገባም። በደረሰኝ ቁጥሩ ላይም ድግግሞሽ የሚከለክል ገደብ አድርጉ። ይህን ሳታውቁ እንደ ኤርፍሎው ያለ፣ ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው የሚያስነሣ የሥራ ማስተናበሪያ መማር ስሕተቱን በየሌሊቱ በሰዓቱ መድገም ነው።

ለሥራ ስታመለክቱ የምስክር ወረቀት ክምር ሳይሆን ያንን የሱቅ ዳታቤዝ ይዛችሁ ቅረቡ። እኔ ሥራ ፈላጊ ስፈትን ፕሮግራሙን እንዲያስጀምር አደርግና መሐል ላይ የላፕቶፑን ማጥፊያ እጫናለሁ። ከዚያ እንደገና ያስነሣዋል፣ ረድፎቹን አብረን እንቆጥራለን።