ልቦለድ ስታጠኑ ከዘይቤ ጋር የሚያጣሏችሁ ስህተቶች

ተማሪ እያለሁ የልቦለድ መጽሐፌ ኅዳግ በእርሳስ ተሞልቶ ነበር። «ተነጻጻሪ»፣ «ሰውኛ»፣ «ግነት»... ስም መለጠፍ ላይ የሚያህለኝ አልነበረም። ፈተና ላይ «ደራሲው ይህን ለምን ተጠቀመ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እስክሪብቶዬን እያኘኩ ቀረሁ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ስሙን ስላወቅን ዘይቤው የገባን ይመስለናል።

እስቲ ይህችን እንይ፦ «ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ቤቱ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።» ቤት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ሰውኛ ነው። ልክ ነው፤ ግን ገና ምንም አላልንም። ጥርሱን መንከስ የነበረበት ማነው? ባልየው። እሱ ግን የለም፤ ንዴቱ ወደ ግድግዳው ተሻግሯል። ሰውየው ስሜቱን የሚደብቅ ዓይነት ከሆነ፣ ደራሲውም አብሮት እየደበቀለት ነው። ትንተና የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ዘይቤ እንዲህ መፈልፈል አሥር ስም ከመደርደር ይሻላል።

«እንደ» የምትለዋን ቃል ሲያዩ «ተነጻጻሪ!» ብለው የሚጮኹም አሉ። «እንደ መጣ ተኛ» የሚናገረው ጊዜን ነው። «እንደ አባቱ ረጅም ነው» ደግሞ ሁለት ሰዎችን በቁመት ማወዳደር ነው፤ ዘይቤ የለበትም። «ሳቁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ» ሲል ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተገናኙ። ድምፁን ብቻ አይደለም የሰማነው፤ ሰውየው ከሳቀ ብዙ ጊዜ እንደሆነውም አወቅን።

ፈሊጥን የደራሲው ፈጠራ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። «ልቧ ተሰበረ» ሁላችንም በየቀኑ የምንለው ነው። ደራሲው ስለጻፈው አይደነቅም። «ልቧ ተሰበረ። ስብርባሪውን ለቃቅማ ሥራ ገባች» ካለ ግን የሞተውን ፈሊጥ ቀስቅሶታል። ያኔ አስምሩበት።

ተምሳሌት ላይ፣ ማለትም አንድ ዕቃ ከራሱ ያለፈ ሐሳብ ሲወክል፣ የኔ ኃጢአት ትልቅ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ቢጫ መጋረጃ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ቅናት ነው፣ ሕመም ነው፣ የጠፋ ፀሐይ ነው አልኩ። መምህሬ በቀይ «መጋረጃው ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?» ብለው መለሱልኝ። አንዴ ብቻ! ዝናብ አንዳንዴ ዝናብ ነው። ዕቃው ተደጋግሞ ይመጣል? ታሪኩ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይገኛል? መጀመሪያ ከነበረው ትርጉሙ ይለወጣል? ለሦስቱም «አይ» ካላችሁ መጋረጃውን ተዉት።

ምጸትን ከሽሙጥ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ሽሙጥ ተናጋሪው ሆን ብሎ የሚወጋበት ነው። ምጸት ግን ተናጋሪው ሳያውቀውም ይመጣል። አንድን ገጸ ባህሪ ሰዎች መንገድ ላይ አድፍጠው እንደሚጠብቁት እኛ አንባቢዎች እናውቃለን። እሱ ግን ጫማውን እያሰረ «ዛሬ እንኳን በጊዜ እመጣለሁ» ይላል። ማንንም አላሽሟጠጠም፤ እኛን ግን ቃሉ ይቆነጥጠናል።

ንግርን፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭን፣ በመጀመሪያ ንባብ ላይ ማደን ደግሞ ደስታውንም ይገድላል። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ፣ የማይተኮስ ጠመንጃ መድረክ ላይ አይቀመጥ ብሏል። ይህ ግን ለጸሐፊ የተሰጠ ምክር ነው፤ አንባቢ እያንዳንዱን ማንኪያ እንዲጠረጥር አይደለም። መጀመሪያ ታሪኩን ዝም ብላችሁ አንብቡት። መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ ምዕራፍ አንድን ድገሙት፤ ንግሩ ራሱ ብቅ ይላል። ምልሰትም ያው ነው። «ወደ ኋላ ተመለሰ» ብላችሁ አትለፉት፤ ትዝታው ለምን አሁን መጣ በሉ።

የመጨረሻው ተራኪውን ደራሲው ማድረግ ነው። «እኔ» የሚለው ሰው የተፈጠረ ገጸ ባህሪ ነው። ሊዋሽ፣ ሊረሳ፣ ራሱንም ሊያታልል ይችላል። በየገጹ «እኔ ቀናተኛ አይደለሁም» እያለ የሚምል ተራኪ ካጋጠማችሁ፣ የሚስቱን ስልክ ስንት ጊዜ እንደከፈተ ቁጠሩ።