ቁጣንና ክፉ ንግግርን እንዴት መተው ይቻላል?

መጽሐፍ ቅዱስ መቆጣትን ሁሉ ኃጢአት አይለውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት «ተቈጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ካለ በኋላ (4፥26) ፀሐይ በቁጣቸው ላይ እንዳትገባ ያሳስባቸዋል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎም መራርነት፣ ንዴት፣ ጩኸትና ስድብ ከእነርሱ እንዲወገድ ያዝዛል። ስለዚህ የክርስቲያን ትግል የተሰማው ቁጣ ወደ አንደበቱ እንዳይወጣና በልቡም እንዳያድር ነው።

በመጀመሪያ ቁጣዎን በስሙ ይጥሩት። ቃየን ወንድሙን ከመግደሉ በፊት እግዚአብሔር «ለምን ተናደድህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር (ዘፍጥረት 4፥6)፤ ቃየን መልስ እንደ ሰጠ ግን አልተጻፈም። እርስዎ ይመልሱ፤ «ተንቄአለሁ»፣ «ፈርቻለሁ»፣ «ደክሞኛል» ብሎ ለራስ ማመን ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ንግግርዎን ያዘግዩ። ያዕቆብ ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገርና ለቁጣ የዘገየ ሰው እንድንሆን ይመክራል (1፥19)። ቃሉ ምላስዎ ላይ ሲደርስ፣ ዳዊት በመዝሙር 141፥3 እንደ ለመነው፣ ጌታ ለአፍዎ ጠባቂ እንዲያኖር ባጭሩ ይጸልዩ። ይህ ዝምታ ወደ ኩርፊያ እንዳይለወጥ ግን «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ ስረጋጋ ማታ እንነጋገር» ብለው ይንገሩ፤ የተናገሩትንም ሰዓት ያክብሩ።

ቃሉ አምልጦ ከወጣስ? ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር «አንተ መቼም ሰው አትሆንም» አልሁት። እጁ ክሩን እንደ ያዘ ቆመ፤ ከዚያ አስሮ ጨረሰና ቀና ብሎ ሳያየኝ ወጣ። በማግሥቱ «ይቅርታ፣ ግን አንተም አናደድኸኝ» ስለው ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። «ግን» የምትለዋ ቃል ይቅርታዬን መልሳ ክስ አድርጋው ነበር። ከቀናት በኋላ የተናገርሁትን ቃል ራሱን ጠቅሼ «ያልሁህ ውሸት ነው፤ በድዬሃለሁ» ስለው ነበር የተቀመጠው። ስለዚህ ይቅርታ ሲጠይቁ የተናገሩትን ሳያለዝቡ ይጥቀሱ፣ ምክንያት አይጨምሩ፣ ተበዳዩንም ወዲያው ይቅር እንዲል አያስገድዱት። በሰው ፊት ሰድበውት ከሆነ በእነዚያው ሰዎች ፊት ያርሙ። ጌታ ኢየሱስ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው (ማቴዎስ 5፥23-24) ለአምላኪው ነው፤ ዕርቁ ከአምልኮው በፊት ይቀድማል።

የተበደሉት እርስዎ ከሆኑ በደሉን ሳያሳንሱ ለእግዚአብሔር ይንገሩ፤ ብዙ መዝሙራት እንዲህ ያለ እንባና አቤቱታ ናቸው። ይቅር ማለት ድብደባን ወይም የማያቋርጥ ስድብን ተሸክሞ መኖር ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ወደ ደኅና ስፍራ መራቅና የሚያምኑትን ሰው እርዳታ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቁስሉ ይቅር ካሉ በኋላም ሊያመረቅዝ ይችላል። ያ ቃል ሌሊት በጆሮዎ ሲመለስ መልስ ማዘጋጀት ከመጀመርዎ በፊት የተናገረውን ሰው በስሙ ጠርተው ይጸልዩለት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከስሙ በቀር የሚወጣ ቃል ባይኖርዎትም ስሙን ብቻ በጌታ ፊት ያቅርቡ።