ውጊያ ያላየ ጦር "ጠላትን አዘግይ" ሲባል፦ ኦሳን ላይ የተሰሩ ስህተቶች

የኮሪያ ጦርነት ሲነሳ እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ወደዛ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ነው፣ ቃኘው ግን ኮሪያ የደረሰው በ1943 ነው። ከዛ በፊት ጦርነቱ በተጀመረ በ10ኛው ቀን፣ ሰኔ 28 ቀን 1942 በእኛ አቆጣጠር፣ ኦሳን የምትባል ከተማ አጠገብ 540 ገደማ አሜሪካኖች ከጃፓን ተጭነው መጥተው የሰሜን ኮሪያን ጦር አዘግዩ ተባሉ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ስሚዝ ነበር። ልጆቹን ፈሪ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ነው የሚከፋኝ፣ ምክንያቱም ስህተቱ አብዛኛው የተሰራው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ነው።

የመጀመሪያው ጠላትን መናቅ ነው። የአሜሪካን ዩኒፎርም ሲያዩ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር የታሰበው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ጠዋት በዝናብ ውስጥ 33 ቲ-34 ታንክ መጣ፣ ቆሞም አላያቸውም፣ መሀላቸውን ሰንጥቆ አለፈ።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ የሚመጣውን ነገር በማይመታ መሳሪያ ሰው መላክ ነው። የነበራቸው ባዙቃ (በትከሻ ተይዞ ታንክ ላይ ሮኬት የሚተኩስ መሳሪያ) የድሮው ትንሹ ነው። ሌተናንት ኦሊ ኮነር የሚባል መኮንን ቦይ ውስጥ ሆኖ ከቅርብ ርቀት፣ ያውም ከኋላ ስስ በሆነው በኩል፣ 22 ሮኬት ተኮሰ፣ ልብ በሉ 22! ከዚ በላይ አንድ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? መድፈኞቹ 6 መድፍ ይዘው ታንክ የሚበሳ ጥይት የነበራቸው 6 ብቻ ነው፣ እሱ ካለቀ በኋላ ተራው ጥይት ታንኩን ነክቶ ይነጥራል። ፀረ ታንክ ፈንጂ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ቢኖር ኖሮ ያ ሰልፍ ተገትሮ ይቀር ነበር ባይ ነኝ፣ የማዘግየት ውጊያ እኮ ጠላትን መጨረስ ሳይሆን ሰዓት መግዛት ነው።

ሦስተኛው በአንድ የስልክ ሽቦ መተማመን። መሬት ላይ የተዘረጋውን ሽቦ ታንኮቹ በሰንሰለታቸው በጣጠሱት፣ ሬዲዮው አሮጌ፣ በዛ ላይ ዝናብ የመታው፣ ስለዚ እግረኛውና ከኋላ ያለው መድፍ ተቆራረጡ። ስሚዝ መድፎቹ አልቀዋል ብሎ ደምድሞ ነበር፣ ሲያፈገፍግ በእግሩ ሄዶ ሲያይ ግን አብዛኞቹ ደህና ናቸው፣ እግረኛው ላይ ያ ሁሉ ሰራዊት ሲወርድበት ዝም ብለው ቁጭ ብለዋል።

ክንፍን ክፍት መተውም አለ፣ ግን በዛ ቁጥር ምን ይደረጋል፣ ግራ ቀኙን የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ አውሮፕላንም በአየሩ ምክንያት አልመጣም።

የመጨረሻውን ሳስብ ያመኛል፣ ማፈግፈጉን። ከሁሉም የውጊያ አይነት ከባዱ እየተተኮሰብህ ወደ ኋላ መውጣት ነው፣ ላልተለማመደ ጦር ደግሞ የባሰ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጡ ሲባል ትእዛዙ መቶ የሚባለው አንዱ የጦር ክፍል ጋር ሳይደርስ ቀረ፣ ጓዶቻቸው ሄደው ብቻቸውን እንደቀሩ ያወቁት በኋላ ነው። ከባድ መሳሪያው ተጣለ፣ መራመድ የማይችሉ ቁስለኞች እዛው ቀሩ፣ አንድ የህክምና ሳጅን በፈቃዱ አብሯቸው ቀረ። ቃኘው በሙሉ ቆይታው አንድ ሰው እንኳ ሳይማረክበት መመለሱን ሳስብ ልዩነቱ ይታየኛል፣ ቃኘው ኮሪያ ከደረሰ በኋላም ተጨማሪ ስልጠና ወስዶ ነው ግንባር የገባው፣ እነዚህ ልጆች ግን ከባቡር ወርደው በቀናት ውስጥ ነው እሳት ውስጥ የገቡት። ስለዚ ማታውኑ፣ ምሽግ ሲቆፈር፣ ማን ቀድሞ ይወጣል፣ ማን ይሸፍናል፣ በየት መንገድ፣ የት ይገናኛሉ፣ ቁስለኛውን ማን ይሸከማል፣ ስልክ ቢቆረጥ ትእዛዙን ማን ሮጦ ያደርሳል የሚለው እስከ መጨረሻው ወታደር ድረስ መታወቅ ነበረበት።