ከወረርሽኝ ማግስት የሕክምና ተቋማት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ 19 ምክንያት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ያወጀውን ዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያነሣው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ውሳኔውን ሲያሳውቁ በሽታው የዓለም የጤና ስጋት መሆኑ እንዳላበቃም አያይዘው አስጠንቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለሕክምና ተቋማት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ወረርሽኝ ጋብ ሲል በእፎይታ ስሜት የሚወሰኑ ውሳኔዎች በጭንቁ ወቅት ከተፈጸሙት ስህተቶች ያላነሰ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የጥንቃቄ እርምጃዎችን ሁሉ በአንድ ቀን ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ የሳርስ (ከባድ ተላላፊ የመተንፈሻ አካላት በሽታ) ወረርሽኝ የመጀመሪያ ዙር አብቅቷል ተብሎ ሆስፒታሎች ጥንቃቄያቸውን ባላሉበት ወቅት፣ በአንድ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል በተኙ ሕሙማን መካከል ሳይታወቅ ሲተላለፍ የቆየው በሽታ በሜይ ወር ሁለተኛ ዙር ሆኖ ሕሙማንን፣ ጠያቂዎችንና ሠራተኞችን አጠቃ። በመሆኑም ሁልጊዜ የሚቀጥሉትን እርምጃዎች እንደ ሁኔታው ከሚጠብቁትና ከሚላሉት መለየት ያስፈልጋል። የእጅ ንጽሕና፣ የክፍሎች አየር መናፈስ፣ የሚያስል ታካሚ ወደ ካርድ ክፍል ሰልፍ ከመግባቱ በፊት ማስክ ተሰጥቶት ለብቻው እንዲቀመጥ ማድረግ፣ እንዲሁም የታመመ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ቤቱ እንዲያርፍ መፍቀድ የዘወትር ሥራዎች ናቸው። የቀሩት እርምጃዎች በምን ምልክት እንደሚጠብቁና ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሕይወት የሚያስከፍለው፣ በእኔ እምነት፣ የቀሩ ታካሚዎች በራሳቸው ጊዜ ይመለሳሉ ብሎ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 7.1 ሚሊዮን አዳዲስ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ተመርምረው የተመዘገቡ ሲሆን በ2020 ቁጥሩ ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረደ። የወረደው በሽታው ሳይሆን ምርመራው ነበር፤ በዚያው ዓመት በነቀርሳ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ ቅናሽ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመረ። በ2021 ደግሞ 25 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከጉሮሮ ዘጊ በሽታ (ዲፍቴሪያ)፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከትክትክ ክትባት ቢያንስ አንዱ ዙር አምልጧቸዋል። ወደ ጤና ተቋም መምጣት ያቆመ ሰው ሁሉ ድኖ አይደለም የቀረው፤ አንዱ ፈርቶ፣ ሌላው ገንዘብ አጥቶ፣ ሌላው ደግሞ ከዚህ በፊት መጥቶ በር ላይ ስለተመለሰ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የክትትል መዝገቡን አውጥቶ ቀጠሯቸው ያለፈባቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር በማዘጋጀት ነው። ዝርዝሩ በቀጠሮ ቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን በአደጋው ክብደት ሊደረደር ይገባል፤ መድኃኒት ያቋረጡ የነቀርሳና የኤችአይቪ ሕሙማን፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ካንሰር ተጠርጥሮባቸው ምርመራቸው በእንጥልጥል የቀረ ሰዎች ይቀድማሉ። ስልክ የምትደውለው ነርስ የምትጠቀምበት ቃልም ቀላል ነገር አይደለም። «ለምን ጠፉ?» ተብሎ የተጀመረ ንግግር ሰውዬውን ሰበብ ፍለጋ ውስጥ ይከተዋል፤ «እንዴት ሰነበቱ? መድኃኒትዎ አልቆብዎት ይሆን ብለን ነው የደወልነው» የተባለ ታካሚ ግን እውነቱን ለመናገር አይቸገርም። በክትባት ረገድም ዙሩ ያለፈበት ሕፃን በአብዛኛዎቹ መደበኛ ክትባቶች ካቆመበት የሚቀጥል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር ስላልሆነ፣ ዘግይታ የመጣችን እናት መመለስ ምንም የሕክምና ምክንያት የለውም።

ይህን ሁሉ የተጠራቀመ ሥራ በተዳከመ ሠራተኛ ላይ መጫን ሌላው ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ 19 ሕይወታቸውን አጥተዋል። የተረፉት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቀብረው በማግሥቱ ተረኛ የገቡ ሰዎች ናቸው። በሥራ ጫና መዛል በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ ውስጥ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ የሥራ ክስተት ተብሎ እንጂ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም፤ መፍትሔውም መፈለግ ያለበት ከሥራ ቦታው ነው። የምስጋና ወረቀትና የግማሽ ቀን ሥልጠና የተጠራቀመ የዓመት ዕረፍትን፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ሰው ያልተመደበበትን የሥራ መደብ አይተኩም።

የኦክስጅን መሣሪያዎችን እንደ ትርፍ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚፈጸም ስህተት ነው። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ከክፍሉ አየር ናይትሮጅንን እየለየ ኦክስጅን የሚያመርት መሣሪያ ስለሆነ ማጣሪያው አቧራ ከያዘ ወይም ውስጡ ያለው ናይትሮጅን የሚይዘው ንጥረ ነገር በእርጥበት ከተበላሸ የሚሰጠው ኦክስጅን ጥራት ይወርዳል። አሳሳቢው ነገር የፍሰት መለኪያው ይህን አለማሳየቱ ነው። የመለኪያው ኳስ በደቂቃ 5 ሊትር ላይ ቆማ ትታያለች፤ በቱቦው የሚያልፈው አየር ግን ከተለመደው 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ወርዶ ለሕክምና ከማይበቃው፣ ከ82 በመቶ በታች፣ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው በኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ብቻ ስለሆነ ኮንሰንትሬተሮቹ ለሕፃናት የሳንባ ምችና ለማዋለጃ ክፍል አገልግሎት መዋል፣ የባዮሜዲካል ባለሙያም በየጊዜው እየለካ መመዝገብ ይኖርበታል። ጓንትና ማስክም ቢሆን መጠቀሚያ ጊዜው የቀረበው እየቀደመ በየዕለቱ ሥራ ላይ ሲውልና በምትኩ አዲስ ሲገባ ነው ክምችቱ ሳይባክን የሚቆየው።

ካገገሙ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸውን ሰዎች «ምርመራዎ ደህና ነው» ብሎ ማሰናበትም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ድኅረ ኮቪድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በበሽታው ከተያዙ ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ የማይብራራ ሁኔታ ነው፤ የላብራቶሪ ውጤት ንጹሕ መሆኑ ድካሙን ሐሰት አያደርገውም። በስልክ የሚሰጥ ምክርም በወረርሽኙ ጊዜ የተጀመረ ነው ተብሎ በጅምላ መዘጋት የለበትም፤ ደም ግፊቱ ለተረጋጋ ታካሚ የሚበቃው የስልክ ክትትል ደረቱን ለሚያመው ሰው እንደማይበቃ እየለዩ ማስቀጠል ነው የሚሻለው።

በመጨረሻ የሚነሣው ስህተት ትምህርቱን ሳይጽፉ መበተን ነው። ውይይቱ ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይሆን ተጠንቅቆ፣ ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኞችን፣ ጥበቃዎችንና ሲሊንደር ተሸክመው ሲመላለሱ የነበሩትን ጭምር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የትኛው በር ጠባብ እንደነበረ፣ የትኛው ክፍል ኦክስጅን ቀድሞ እንደሚያልቅበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚህ የሚወጣው ዕቅድም መሞከር ያለበት አመራሩ በሌለበት በሌሊት ፈረቃ ነው፤ ተረኛዋ ነርስ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ለማን እንደምትደውልና የተጠረጠረውን ታካሚ የት እንደምታስተኛ መመሪያውን ሳትፈልግ መናገር ካቃታት ዕቅዱ እንደገና መሠራት አለበት።