ታይሮይድ ልትመረመሩ ከሆነ ይቺን እዩ

ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስዱ ልጆች፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችውን ዕጢ) ልትመረመሩ ስትሄዱ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት አቁሙት፣ ዶዙ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ጠይቁ ከዛም በላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። ባዮቲን አንዳንድ የላብ ማሽኖችን ያሳስታል፣ ቲኤስኤች (ታይሮይድን ሥሪ የሚላት ሆርሞን) ዝቅ፣ ቲ4 (ታይሮይድ ራሷ የምታመነጨው ሆርሞን) ከፍ ብሎ ይወጣና ምንም ሳይኖርባችሁ ታይሮይዳችሁ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ትባላላችሁ። እኔ እንዲህ ተብዬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ምን ትወስጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ እኮ የለም!

ሌላው ጨው ነው፣ ታይሮይድ ሆርሞኗን የምትሠራው በአዮዲን ነውና። ደጋው ላይ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ስለሚወስደው ነው እንቅርት (የታይሮይድ እብጠት) የሚበዛው፣ ስለዚህ አዮዲን ያለበት ጨው ግድ ነው። ግን እናቶቻችን ቆሻሻ አለው ብለው ያጥቡትና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ በቃ አዮዲኑ እዛው ሄደ። እሽጉን ግዙ፣ አታጥቡት፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወጥ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አንገቱ ያበጠ ሰው ግን ጨው ቀየርኩ ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ሄዶ ቲኤስኤች ይታይ፣ እብጠቱንም በአልትራሳውንድ ያሳይ።