የትሮትል ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን ለኩ

መኪናዬ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላት አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። ወደ እንጦጦ ስወጣ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት እንደረገጥሁ ትንፋሿ ቁርጥ ይልና ወዲያው ትፈናጠራለች። አንዱ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረልኝ፤ ሌላው ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገው። ጥፋቱ የነበረው ግን የአየር መግቢያው ክዳን ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ትንሽ ሴንሰር፣ የትሮትል ሴንሰሩ፣ ላይ ነው።

ውስጡ እንደ ድሮ ራዲዮ ድምፅ ማስተካከያ ነው፦ ስስ የካርቦን መስመር አለ፣ በላዩ ላይ አንዲት የብረት ጣት ትንሸራተታለች። ከተማ ውስጥ ክዳኑን ብዙ ስለማንከፍተው መስመሩ የሚበላው መጀመሪያው አካባቢ ነው። አዲስ ሴንሰር ብቻውን ጉልበት አይጨምርም። የሚሰጠው ጥቅም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በትክክለኛ መረጃ እንዲመጥን ማድረጉ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ሶኬቱን አትንቀሉ፤ ከኋላው በቀጭን መርፌ ሽቦዎቹን ንኩ። የቮልት መለኪያውን (የቴስተሩን) ጥቁር ገመድ ኢ2 (E2) ከተባለው የኔጌቲቭ ሽቦ ጋር አገናኙ። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሩ ኃይል የሚልክበት ቪሲ (VC) ላይ 5 ቮልት ገደማ ካላገኛችሁ ሽቦውን መርምሩ፣ ሴንሰር አትግዙ። ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ መልስ የሚሰጥበት ቪቲኤ (VTA) ክዳኑ ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 0.8፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት ማሳየት አለበት።

ዋናው ነገር መሐሉ ነው። ክዳኑን በእጃችሁ በጣም በዝግታ ክፈቱ። ቀስት ያለው የድሮ ቴስተር ብታገኙ ይመረጣል፤ የእኔ ቀስት 1.1 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ ወደቀና ተመለሰ። ቁጥር የሚጽፈው ቴስተር ይህን ቅጽበት አልያዘውም ነበር።

አሮጌውን ይዛችሁ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ቦታ ሂዱ፤ የሶኬቱን ቅርጽና የእግሮቹን ብዛት አስተያዩ። አራት እግር ያለውን በሦስት እግር አትቀይሩ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትታችሁ የአሮጌውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሁለቱ ቪቴዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ልክ የሆነ ካቻቪቴ አስገብታችሁ በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፣ ከዚያ ፍቱ። አዲሱን ስትገጥሙ ቪቴዎቹን ላላ አድርጋችሁ ተዉ። በክዳኑ ክንድና በማቆሚያ ቪቴው መካከል የሞተራችሁ መጽሐፍ የሚያዛቸውን ሁለት ስስ የልኬት ብረቶች በየተራ አስገቡ፤ በቴስተር ስትለኩ በቀጭኑ አይዲኤል (IDL፣ ክዳኑ መዘጋቱን የሚናገረው እግር) እና ኢ2 መገናኘት፣ በወፍራሙ መለያየት አለባቸው። እስኪሆን ድረስ ሴንሰሩን በጥቂቱ አዙሩ፣ ከዚያ አጥብቁ። የክዳኑን ማቆሚያ ቪቴ በፍጹም አትንኩ።

የማቀጣጠያውን ጊዜ የምታዩት ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የመመርመሪያው ሶኬት ላይ ቲኢ1ን (TE1) ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኙና ሚኒሞ ላይ 10 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። አይዲኤል ካልተገናኘ ያ ቁጥር አይታመንም።