ለመመረቂያ ፊልም ኤዲቲንግ መማር፦ ከአንድ ትዕይንት ጀምሩ

እንጀራዬ የሰርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ቤቴ በተመራቂ ተማሪዎች ይሞላል። ሃርድ ዲስካቸውን ታቅፈው ይመጡና መጀመሪያ የሚጠይቁት "የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?" ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ። ነጻው ይበቃችኋል። የሚከፈልባቸውን ኤፌክቶች ካልነካችሁ ምስሉ ላይ ምልክት አይለጥፍባችሁም። ካፕከት ለቲክቶክ አሪፍ ነው፤ የአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም በአውራ ጣት መቁረጥ ግን ያንገሸግሻል።

ሶፍትዌሩን ልጨርስ ብላችሁ ዩቲዩብ ላይ አትክረሙ። ከፊልማችሁ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት አንድ አጭር ትዕይንት ምረጡ። እሱ የሚፈልገውን ብቻ እየተማራችሁ ቁረጡ።

ከዚያ በፊት ግን ጥቂት አሰልቺ ሥራ አለ። የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ሳታጠፉ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው ውጪ ያለ ሃርድ ዲስክ ላይ። ፎልደሩን በቀረጻ ቀን ለዩ፣ ድምጹን ለብቻው አድርጉ። ኢምፖርት ካደረጋችሁ በኋላ ፋይሉን አታንቀሳቅሱ። ሪዞልቭ ቪዲዮውን ሆዱ ውስጥ አያስገባም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ቦታውን ከቀየራችሁት ስክሪኑ ቀይ ይሆናል።

ፍሬም ሬቱንም፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ፣ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሪዞልቭ ሲከፈት 24 ላይ ነው፤ ክሊፕ ከገባ በኋላ ደግሞ ይቆለፋል። ገና ካልቀረጻችሁ 25 ፍሬም፣ ሻተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በ1/60 ስትቀርጹ አምፖሉ ሊርገበገብባችሁ ይችላል። በስልክ በ30 ቀርጻችሁ ከሆነ ፕሮጀክቱንም 30 አድርጉት። የስልክ ቪዲዮ ግን ፍሬም ሬቱ ወጣ ገባ ስለሚል ድምጹ ከከንፈር እየራቀ ሊሄድ ይችላል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ኮንስታንት (ወጥ ፍሬም ሬት) ቀይራችሁ አስገቡት።

8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ፎርኬ እየቆረጣችሁ ከሆነ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ የግድ ነው። ክሊፖቹን መርጣችሁ ራይት ክሊክ፣ "ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ"። ማታ መብራት ካለ ለኩሱትና ተኙ።

አሁን ወደ ትዕይንቱ። ባለፈው አንድ ልጅ ይዞት የመጣው እንዲህ ነው፦ ተከራዩ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ልብስ ያጥባል። አከራይዋ በረንዳ ላይ ቆመው "ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ ጨምሬያለሁ" ይላሉ። በመጀመሪያው ቆረጣ የሚናገረው ሰው ፊት በየተራ ይመጣል፤ እሳቸው፣ እሱ፣ እሳቸው፣ እሱ። ስህተት የለውም፤ ግን ፒንግ ፖንግ ነው።

የቀየርነው ይህን ነው። ምስሉ አረፋው ውስጥ ያሉት እጆች ላይ እንዳለ የአከራይዋን ድምጽ አስቀድመን አስገባን። እጆቹ ይቆማሉ። የውሃው ድምጽም ይቆማል። ከዚያ ነው ፊቱን ያየነው፤ እሳቸውን ያሳየነው ከሁሉም በኋላ ነው። ድምጹ ከምስሉ ቀድሞ ሲገባ ጄ ከት ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኦልት ይዛችሁ የተናጋሪውን ክሊፕ ምስል ብቻ ምረጡና የመጀመሪያውን ጫፍ ወደፊት ግፉት፣ ድምጹ ባለበት ይቀራል። በሪዞልቭ ቢ መቁረጫ ነው፣ ኤ መምረጫ፤ ጄ፣ ኬ እና ኤል ደግሞ ወደ ኋላ፣ ማቆሚያና ወደ ፊት። ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም።

እጁ ከቆመ በኋላ ምን ያህል እንጠብቅ? 12 ፍሬም ስናደርገው ተከራዩ የደነገጠ ይመስላል። 50 ስናደርገው ደመወዙን በሆዱ እያሰላ ነው። እኔ 50ውን ወደድኩ፤ ባለ ፊልሙ 40 አለ፤ ፊልሙ የእሱ ነው።

ድምጽ ላይ አትቆጥቡ። የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ስልኩን ያስወጣዋል። የኛ ሰፈር ደግሞ ዝም አይልም፤ ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ ውሻው፣ ጀነሬተሩ። ከአንዱ ክሊፕ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ከኋላ ያለው ድምጽ ቁርጥ ካለ ቆረጣው ይጋለጣል። ስለዚህ በቀረጻ ቦታው ሁሉም ዝም ብሎ ለ30 ሰከንድ ባዶውን ድምጽ ቅዱ፤ ንግግሩ ሥር አንጥፉት፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ አጭር ክሮስፌድ (አንዱ ድምጽ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ የሚገባበት) ጨምሩ። ንግግሩ ከፍ ሲል ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መሃል ይሁን። ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ይግባ። አስቀድማችሁ ካስገባችሁት ደካማውን ቆረጣ ይደብቅባችኋል።

ከዚያ ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው አሳዩ። አስተያየት አትጠይቁት፤ እህታችሁም ትሁን ጎረቤት፣ ስልኳን ያነሳችበትን ደቂቃ ብቻ ጻፉ።

የአማርኛ ሰብታይትል ከጻፋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑ፤ ፊደሉ በሳጥን እንዳይተካ። ሲያልቅ ኤምፒ ፎር፣ ኤች 264፣ 1920 በ1080 አድርጋችሁ አውጡ። ለአማካሪያችሁ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨምቀዋል።

ከምረቃው በፊት አዳራሹ ሄዳችሁ በራሱ ፕሮጀክተር ሞክሩት። የማታው ትዕይንት ላፕቶፕ ላይ አምሮ እዚያ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል። ፋይሉን የምትወስዱበት ፍላሽ ደግሞ ፎርማቱ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር እንደሚያነበውም በዚያው አረጋግጡ።